ልጅሽ ግድግዳው ላይ የሰቀላቸው ሦስት ሥዕሎች

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ የምንኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። የ15 ዓመት ልጄ መንገድ ላይ ከሚሸጥ ሰው ሦስት ፖስተር ገዝቶ መኝታ ቤቱ ሰቀለ። አንዱ ላይ ጥቁር የለበሰ ወጣት እንደ ንጉሥ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በሌላው ጦር ይዟል። ሁለተኛው ሊዘል የተዘጋጀ ጥቁር ነብር ነው። ሦስተኛው የተጨበጠ እጅ። ጡጫውን ሳየው የደርግ ሰልፍ ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። ጓደኛዬ የወሮበሎች ምልክት ነው፣ ቅደጂው አለችኝ። ልጁን የፊልሙ ነው ወይ ብለው፣ አይ ማሚ፣ ታሪክ ነው ብሎ በሩን ዘጋብኝ። እርስዎ የፖስተር ሰው ነዎትና እባክዎ ያስረዱኝ። ልቅደዳቸው?»

እህት ዓለም፣ አትቅደጃቸው። ልጅሽ ልክ ነው፣ ታሪክ ነው። ያውም ከቤትሽ በር ላይ የተጀመረ ታሪክ። ሦስቱም ከ«ብላክ ፓንተር ፓርቲ» ጋር የሚነሱ ሥዕሎች ናቸው። ፓርቲውን ሁዊ ኒውተንና ቦቢ ሲል የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ጥቅምት 1966 ላይ እዚያው ኦክላንድ ውስጥ መሠረቱት። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ስትቆጥሪ እንዳትሳሳቺ።) ግን ሦስቱ ከአንድ ቦታ አልመጡም። አንደኛው እንዲያውም የፓርቲው ላይሆን ይችላል። በየተራ ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢው።

ከነብሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ነብሩ ጠመንጃ ከያዙት ወጣቶች የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ነብሩ የምርጫ ምልክት ነበር። አዎ፣ እንደ ንቧ። ኢሕአዴግ ንብ፣ ቅንጅት ሁለት ጣት እንደነበራቸው ታስታውሻለሽ። ማንበብ የማይችል ገበሬ ምልክቱን አይቶ ድምፅ እንዲሰጥ ነበር ያ ሁሉ። አላባማም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ብዙ ስለነበር እያንዳንዱ ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሥዕል ነበረው።

ቦታው ላውንድስ የሚባል ካውንቲ ነው፣ በሴልማና በሞንትጎመሪ መካከል። እዚያ ከአምስት ሰው አራቱ ጥቁር ነበር። ሆኖም 1965 ሲገባ በመራጭነት የተመዘገበ አንድም ጥቁር አልነበረም። አንድም! ሕዝቡ በአብዛኛው በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርት ነበር፣ በእኛ ቋንቋ ጭሰኛ በይው። ሊመዘገብ የሄደ ሰው ከመሬቱ ይነቀላል። የተነቀሉት መንገድ ዳር ድንኳን ተክለው ከረሙ።

ስቶክሊ ካርማይክልና ጓደኞቹ፣ ለጥቁሮች መብት የሚታገል የተማሪዎች ድርጅት አባላት፣ በዚያ ዓመት ወደ ላውንድስ ገብተው ከአገሬው ሰው ጋር አዲስ ፓርቲ አቋቋሙ። ፓርቲ ከሆነ ምልክት ያስፈልገዋል። የክልሉ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ምልክት ነጭ አውራ ዶሮ ነበር፣ ከዶሮው ጋር «የነጭ የበላይነት» የሚል ቃል ተጽፎበት። በግልጽ፣ ያለ ምንም እፍረት፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ። ለዚያ ዶሮ መልስ የሚሆን ምን ይሳል? መጀመሪያ የቀረበው ርግብ ነበር። ርግብ! ማንም አልወደደውም። ከዚያ አንድ ሰው አትላንታ ያለውን የክላርክ ኮሌጅ ምልክት እዩት አለ። የኮሌጁ ስፖርተኞች መለያ ግስላ፣ ማለትም ጥቁር ነብር፣ ነበር። ሩት ሃዋርድ የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ከዚያ ወስዳ ምልክቱን አዘጋጀች።

በቃ፣ የዓለም ዝነኛው የትግል አርማ የመጣው ከኮሌጅ ማልያ ነው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ሙያዬ ስለሆነ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ጥልቅ ትርጉም ያለው ሎጎ ሥራልኝ» ሲለኝ ይህንን እነግረዋለሁ። ትርጉሙ በኋላ ይመጣል። የፓርቲው ሊቀ መንበር ጆን ሁሌት በኋላ ትርጉም ሰጠው፦ ግስላ ሲገፉት ወደ ኋላ ይላል፣ ይላል፣ ጥግ ሲይዝ ግን ለሞት ለሽረት ይወጣል አለ። ጥሩ ማብራሪያ ነው። ገበሬው ግን ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ግስላ አውራ ዶሮ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ለገበሬ አይነገርም።

ኅዳር 1966 ላይ ተወዳደሩ፣ ተሸነፉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያው ሁሌት የላውንድስ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ። ምልክቱ በዚህ መሀል አገር አቋርጦ ኦክላንድ ደርሷል። ኒውተንና ሲል የላውንድሶችን ጽሑፍ አይተው ስሙንም ነብሩንም ተዋሱ። አንቺ ጋ ያለው የሚዘለው ነብር በቀጥታ የዚያ ልጅ ነው።

የፊልሙ ጉዳይ፦ «ብላክ ፓንተር» የሚባለው ፊልም የመጣበት የቀልድ መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ የታተመው ያው 1966 ላይ ነው። ከኦክላንዱ ፓርቲ በጥቂት ወራት ይቀድማል፣ ከላውንድሱ ነብር ግን ይዘገያል። አንዱ የአንዱ አባት ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። ፊልሙ ከወጣ ወዲህ ግን ልጆች ሁለቱን ያደባልቋቸዋል። ያንቺ ልጅ አለመደባለቁ ደስ ብሎኛል።

አንድ የጎን ወሬ። «ጥቁር ነብር» ስትይ ሌላ የእንስሳ ዘር እንዳይመስልሽ። ያው ነብር ነው፣ ቆዳው የጠቆረበት። በእኛ ተራሮች ላይም አለ፣ አማርኛችንም ግስላ የሚል የራሱ ቃል አለው። የድሮ ጌቶች የግስላ ለምድ ደርበው ሲታዩ ማን እንደሆኑ ለመናገር ነበር። ልጅሽን ስታናግሪው «ግስላ» በይው፣ ቃሉን ቢያውቀው አይጎዳውም።

ልብሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ጥቁር ቦኔት፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ። ቦኔቱን የወሰዱት ናዚን ስለተዋጉ የፈረንሳይ አርበኞች ከሚያሳይ ፊልም ነው፤ ቦቢ ሲል ራሱ ተናግሮታል። ጃኬቱ የዚያ ሰፈር ወጣት ቤቱ ያለው ልብስ ነበር። ልብ በይ፣ ዩኒፎርም ለማሰፋት ገንዘብ የለም። ስለዚህ ድሃ ያለውን ለብሶ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሠራዊት መሰለ። ሰማያዊው ሸሚዝ አሁን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ስለምናየው ተረስቷል። ፓርቲው ግን ቀለም ነበረው፣ ጥቁርና ሰማያዊ።

ጠመንጃውስ? የዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ ሕግ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በግልጽ ይዞ መሄድን አይከለክልም ነበር። እነሱም የሕግ መጽሐፍና ጠመንጃ ይዘው ፖሊስ ጥቁር ሰው ሲያስቆም ፈንጠር ብለው ቆመው ይመለከቱ ነበር። ምክር ቤቱ ሕጉን ሊለውጥ ሲነሳ ግንቦት 2 ቀን 1967 ላይ 30 የሚሆኑ ሰዎች ከነመሣሪያቸው ሳክራሜንቶ ወደሚገኘው የክልሉ ምክር ቤት ሄዱ። ካሜራ ተሯሯጠ። ሕጉም ወጣ፣ መሣሪያ መያዙም ተከለከለ። ምስሉ ግን አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ሕጉን ተሸንፈው ፎቶውን አሸነፉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንበሩ።

የተቀመጠው ሰው ሁዊ ኒውተን ነው፣ ገና 25 ዓመቱ። ፎቶው 1967 ላይ ሳን ፍራንሲስኮ፣ አንዲት የፓርቲው ጠበቃ ቤት ውስጥ ተነሳ። ሐሳቡ የኤልድሪጅ ክሊቨር ነው፣ የፓርቲው አፈ ቀላጤና ጸሐፊ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያቸው። በቀኙ ጠመንጃ፣ በግራው ጦር። ከጎንና ከጎኑ የአፍሪካ ጋሻ። ከእግሩ ሥር የሜዳ አህያ ቆዳ። ከኋላው እንደ ጣዎስ ጅራት የተዘረጋ የወንበር መደገፊያ፣ ከሩቅ ስታዪው በቅዱሳን ሥዕል ላይ እንደምናየው የብርሃን አክሊል። እኛ ኦርቶዶክሶች ይህን ለማንበብ መጽሐፍ አያስፈልገንም። ፊት ለፊት የሚያይ ዓይን፣ ከራስ ኋላ ክብ ነገር፣ በእጅ ጦር። ጊዮርጊስ ከፈረስ ወርዶ የተቀመጠ ይመስላል። ክሊቨር ይህን አስቦ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔ ሳየው የሚመጣብኝን ነው የምልሽ።

ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። ይህ ፓርቲ ባህል ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ጥቁር ብሔርተኞችን አጥብቆ ይንቅ ነበር። የአፍሪካ ጥለት ያለበት ሸሚዝ በመልበስና የአፍሪካ ስም በማውጣት ነፃነት አይመጣም ይሉ ነበር። ከሎስ አንጀለሱ የካሬንጋ ቡድን ጋር የነበራቸው ጠብ ጥር 1969 ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሁለት ፓንተሮች እስከመገደል ደርሷል። (እርግጥ ኤፍቢአይም እሳቱ ላይ ጋዝ ያርከፈክፍ ነበር።) ታዲያ የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ሥዕል ጦርና ጋሻ፣ የሜዳ አህያ ቆዳ የተነጠፈበት ነው። አፍሪካን የሚያስመስል ስቱዲዮ! የመርካቶ ፎቶ ቤት የፏፏቴ መጋረጃ በይው። ሥዕሉ ከፓርቲው መስመር ጋር አይገጥምም፣ ግን ሠራ። ሕዝብ ምን እንደሚያነብ ክሊቨር ገብቶታል። ጦሩ «ከየት መጣን» ይላል፣ ጠመንጃው «የት ነን» ይላል። የጃኬቱ ልጅ መሀል ላይ ቁጭ ብሏል።

የወንበሩን ታሪክ ባታውቂው ይሻላል ልበል? ከራታን የተጎነጎነ፣ እኛ የቀርከሃ የምንለውን የሚመስል ወንበር ነው። የዚህ ዓይነት ወንበር ወደ አሜሪካ በብዛት መግባት የጀመረው ከፊሊፒንስ ነው፤ ማኒላ ያለው የቢሊቢድ እስር ቤት እስረኞች ይጎነጉኑት ነበር። ከዚያ የፎቶ ቤት ወንበር ሆነ፣ የፊልም ተዋናይ የሚነሳበት። ኒውተንም ፎቶውን በተነሳ በጥቂት ወራት ውስጥ እስር ቤት ገባ። እስረኞች ይሠሩት በነበረው ዓይነት ወንበር ላይ ተነስቶ እስረኛ ሆነ። ይህ አጋጣሚ ነው፣ ምልክት አታድርጊው፤ እኔ ግን ከጭንቅላቴ ሊወጣ አልቻለም።

መታሰሩን ካነሳሁ ሙሉውን ልንገርሽ፣ እናት ነሽና። ጥቅምት 1967 ላይ ሌሊት ኦክላንድ ውስጥ ፖሊስ መኪናውን አስቆመው፣ ተኩስ ሆነ፣ አንድ ፖሊስ ሞተ፣ ኒውተንም ቆሰለ። ከከባድ ነፍስ ግድያ በሚያንስ ሰው የመግደል ወንጀል ተፈርዶበት 1970 ላይ ፍርዱ ተሻረ። በኋለኛው ዕድሜው አደንዛዥ ዕፅ ውስጥ ገባ። 1989 ላይ እዚያው ዌስት ኦክላንድ መንገድ ላይ ተገደለ። መልአክ አልነበረም። ልጅሽ ይህንንም ይወቅ፣ ፖስተሩ አይነግረውምና።

እሱ እስር ቤት ሳለ ግን ወንበሩ በእሱ ፋንታ ሠርቷል። የካቲት 1968 ልደቱን ሲያከብሩ ኦክላንድ አዳራሽ መድረክ ላይ ባዶውን ወንበር አስቀመጡት። ሰው የለበትም። አዳራሹ ግን የሚያየው እሱን ነው። በሙያዬ ካየኋቸው ብልሃቶች ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። አስቢው፣ የሰውዬው ምስል ሕዝቡ ራስ ውስጥ ካልታተመ ባዶ ወንበር ባዶ ወንበር ነው። ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ ፊት እንደምናስቀምጠው ሳይሆን፣ ፎቶውን አንስተሽ መቀመጫውን ብቻ ስትተይ ነው። መስከረም ላይ ደግሞ ፍርዱ በተሰማ በሁለተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች የፓርቲው ቢሮ መስኮት ላይ ተኩስ ከፈቱ። ቢሮው ባዶ ነበር። ጥይቱ ያረፈው ፖስተሩ ላይ ነው። ወረቀትን በጥይት! ከዚያ በኋላ የተበሳው ፖስተር ራሱ ፎቶ ተነሳና ሌላ ምስል ሆነ።

ስለ ወንበሩ ፎቶ የመጨረሻ ነገር፦ ዋናው ፖስተር ላይ ከሥር ጽሑፍ አለው፣ ፖሊስ ከሰፈራችን ይውጣ የሚል ጠንካራ ማስጠንቀቂያ። አሁን የሚሸጡት ቅጂዎች ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ቆርጠው ጥለውታል። ያለ ጽሑፉ ሰውየው ዝም ብሎ የሚያምር ንጉሥ ነው፣ ቲሸርት ላይ ይሄዳል። ከጽሑፉ ጋር የአንድ ሰፈር ክስ ነው። የልጅሽን ተመልከቺ፣ የትኛው እንደሆነ ከሥሩ ታውቂያለሽ።

አንቺ አልጠየቅሽም፣ ግን ስለ ኤሞሪ ዳግላስ ሳልነግርሽ ካለፍኩ ሙያዬ ይታዘበኛል። ልጅሽ አራተኛ ፖስተር የሚገዛ ከሆነ የእሱን ይግዛ።

ኤሞሪ 1943 ሚሺጋን ተወለደ፣ በልጅነቱ ሳን ፍራንሲስኮ መጣ። ጠባዩ ስለከበደ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ገባ፣ እዚያ ማተሚያ ክፍል መደቡት። ሙያው እዚያ ነው የተጀመረው። በኋላ ኮሌጅ የማስታወቂያ ሥዕል ተማረ። 1967 ላይ ቦቢ ሲል የመጀመሪያውን የፓርቲ ጋዜጣ በታይፕራይተርና በማርከር ሲያዘጋጅ አገኘው፣ ያችን በማባዣ የምትታተም ወረቀት። አይቶ አላስቻለውም፦ ቤቴ ሄጄ ዕቃዬን ላምጣ አለ። ሄዶ አመጣ። ከዚያ በኋላ ፓርቲው ከስሞ እስኪጠፋ ድረስ አልተመለሰም ማለት ይቻላል፤ የፓርቲው «የባህል ሚኒስትር» ሆነ።

ገንዘብ የለም። ጋዜጣው የሚሸጠው 25 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ጥቁርና አንድ ተጨማሪ ቀለም ብቻ ነበረው፣ አንድ ሳምንት ብርቱካናማ፣ አንድ ሳምንት አረንጓዴ። ማተሚያ ቤት ለሠራን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ቀለም በትክክል ካልገጠመ ሥዕሉ ድርብ ሆኖ ይወጣል። ኤሞሪ ግን ድርሳን ላይ እንዳሉት የእኛ ሥዕሎች መስመሩን ወፍራም ጥቁር አደረገው። ቀለሙ ትንሽ ቢንሸራተት መስመሩ ይሸፍነዋል። ጥላውን በእጅ ከመሳል ነጠብጣብ የታተመበትን ተለጣፊ ፕላስቲክ ቆርጦ ይለጥፋል። ፎቶ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል። በእንጨት ላይ የተቀረጸ የሚመስለው መልኩ፣ ዛሬ ሰው «ስታይል» የሚለው፣ ግማሹ ድህነት ነው። እኔም ወጣት ሳለሁ ሁለት ቀለም ብቻ በሚያትም ማሽን ላይ የማስታወቂያ ወረቀት ስሠራ ያንን ወፍራም መስመር ሳላውቀው ከእሱ ተበድሬያለሁ። አለቃዬ «ይሄ የከሰል ሥዕል ነው እንዴ?» ብሎ ነበር።

ከሥራዎቹ ዝነኛው አሳማው ነው። ኒውተንና ሲል ሰፈሩን የሚያስቸግር ፖሊስ የባጅ ቁጥር ያለበት አሳማ ሳልልን አሉት። ቁጥሩ እየተቀየረ በየጊዜው የሚወጣ። ኤሞሪ አሳማውን በሁለት እግሩ አቆመው፣ ዩኒፎርም አለበሰው፣ ዙሪያውን ዝንብ አደረገ። ከዚያ በኋላ አሳማው ፖሊስ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ፖለቲከኛውም፣ ሰፈሩን የሚዘርፈው ነጋዴም አሳማ ሆነ። እኛ ጋ ክርስቲያኑም እስላሙም አሳማ ስለማይበላ ስድቡ ሳይተረጎም ይገባናል። ግን አስቢው፣ አሜሪካ ሕዝቡ አሳማውን በቁርስ ይበላል። ስድቡን ስድብ ያደረገው ዝንቡና ባጁ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ግን አሳማው ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው። የኤሞሪ ሰዎች ሀብታም አይደሉም፣ ቆንጆም አይደሉም። ሻርፕ ያሰሩ እናቶች ናቸው፣ ጫማቸው የተቀደደ ልጆች፣ ከአይጥ ጋር የሚተኙ። ከኋላቸው ግን ጨረር ይፈነጥቃል። ያ ጨረር በዚያን ጊዜ በቻይናና በኩባ ፖስተሮች ላይ የነበረ ነው። ልዩነቱ ቻይና ጨረሩ የሚወጣው ከመሪው ራስ ነው፣ ኤሞሪ ግን ለሰፈር አሮጊት ሰጠው። 1971 ላይ የወጣ አንድ ሥዕሉ ሁልጊዜ ዓይኔ ላይ አለ። መነፅር ያደረገ ልጅ ፈገግ ብሏል፣ መስተዋቶቹ ውስጥ ደግሞ ፎቶ አለ፦ ቁርስ የሚበሉ ልጆች። ፓርቲው ጥር 1969 ላይ ዌስት ኦክላንድ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለተማሪ ልጆች በነፃ ቁርስ ማብላት ጀምሮ ነበር። ልጁ የሚያየው ጠመንጃ አይደለም፣ ሳህን ነው።

ሥዕሎቹን በዓመት ደርድረሽ ብታያቸው ለውጡ ፍንትው ይላል። 1968 ላይ እናትየው ልጅ አዝላ ጠመንጃ ይዛለች። 1972 ላይ እናትየው የአስቤዛ ከረጢት ይዛለች፣ ከውስጡ የዶሮ እግር ይታያል፣ ደረቷ ላይ የምርጫ ባጅ አለ። በዚያ ጊዜ ፓርቲው ምግብ ያድላል፣ መራጭ ይመዘግባል፤ ቦቢ ሲልም 1973 ለኦክላንድ ከንቲባነት ተወዳድሮ ሁለተኛው ዙር ላይ ተሸነፈ። ነብሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ምርጫ ወረቀቱ ተመለሰ። ይህን የፓርቲውን ግማሽ ዕድሜ ግን ማንም ቲሸርት ላይ አያትመውም። ለምን? የዶሮ እግር አይሸጥማ።

መንግሥትም ሥዕል ኃይል እንዳለው ያውቅ ነበር። ኤፍቢአይ የፓርቲው አመራር አይሆንም ያለውን፣ ልጆች ፖሊስ ሲገድሉ የሚያሳይ የሥዕል ማቅለሚያ ደብተር፣ ለቁርሱ ምግብ ለሚለግሱ ድርጅቶች ስም ሳይጽፍ ይልክ ነበር። እርዳታው እንዲቆም። በኋላ የሴኔቱ ምርመራ አወጣው። እና ጓደኛሽ «ወሮበላ» ስትል፣ ቃሉን ከየት እንዳገኘችው እሷም ላታውቅ ትችላለች።

ወደ ጡጫው። ይህኛው ነው የፓርቲው ላይሆን ይችላል ያልኩሽ። የተጨበጠ እጅ የማንም ንብረት አይደለም። በ1920ዎቹ የጀርመን ኮሚኒስቶች ያነሱት ነበር፣ ከዚያ በስፔን ጦርነት የሪፐብሊኩ ወታደሮች። ወደ እኛም የመጣው በዚያው በግራ ክንፉ መንገድ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጄን ጨብጬ አንስቻለሁ፣ ያልተነሳ እጅ ይታያል ተብለን። ስለዚህ መደንገጥሽ አይፈረድበትም። ግን አንድ ምልክት ሁለት አገር ሲሄድ ሁለት ሕይወት ይኖራል። እኛ ጋ እጁን የሚያስነሳው ቀበሌ ነበር። እነሱ ጋ የሚያነሳ ሰው ሥራውን ያጣ ነበር።

ልጅሽ ፖስተር ላይ ያለው እጅ ጥቁር ጓንት ካጠለቀ ታሪኩ የሜክሲኮ ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1968፣ የኦሎምፒክ 200 ሜትር። ቶሚ ስሚዝ አንደኛ፣ ጆን ካርሎስ ሦስተኛ። መዝሙሩ ሲዘመር አንገታቸውን ደፍተው ጡጫቸውን አነሱ። ሰው ሁሉ ብላክ ፓንተር ይላቸዋል፣ አልነበሩም። የሳን ሆዜ ተማሪዎች ነበሩ፣ ከአንቺ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ የስፖርተኞች የሰብአዊ መብት ንቅናቄ አባላት። እዚያ ሰገነት ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ታስቦበታል። ጫማ አልባ ጥቁር ካልሲው ድህነት ነው። የካርሎስ ዶቃ በገመድ ለተሰቀሉት ጥቁሮች ነው። የቱታው ዚፕ መከፈት ለላብ አደሩ ነው። ያልታሰበው አንዱ ጓንቱ ነው። ካርሎስ የእሱን ረስቶ መጣ። ሁለተኛ የወጣው አውስትራሊያዊ ፒተር ኖርማን፣ አንዱን ጥንድ ተካፈሉት አላቸው። ስሚዝ ቀኙን አደረገ፣ ካርሎስ ግራውን። ዛሬ ሰዎች ስለ ቀኝና ግራ እጅ ረጅም ትንታኔ ይጽፋሉ፤ ነገሩ የተረሳ ጓንት ነው። ሁለቱም ከኦሎምፒክ መንደር ተባረሩ።

ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው በዚያው ኦሎምፒክ ነው፣ ከአራት ቀን በኋላ። ልጅሽን በዚህ ጀምሪው። «አንተ የሰቀልከው እጅና የእኛ ማሞ አንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ስታዲየም ነበሩ» ስትዪው በሩን የሚዘጋብሽ አይመስለኝም።

ከኢትዮጵያ ጋር ሌላ ዝምድና አለው ወይ ብለሽ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ከፓንተሮች ሥዕል ጋር? እምብዛም። አረንጓዴ ቢጫ ቀያችን ወደ ጋና፣ ከዚያም ወደ ብዙ የአፍሪካ ባንዲራዎች ሄዷል። በቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ የምታዪው የጥቁር አሜሪካውያን ባንዲራ ደግሞ የጃማይካው የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የማርከስ ጋርቪ ነው፣ 1920። የጋርቪ ድርጅት መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ይላታል። ፓንተሮች ግን ያንን መስመር ብዙም አልያዙትም። ሁሉም ጥቁር የትግል ምልክት ከእኛ የመጣ እንዲሆን የምንመኘውን ነገር እኔ አልወደውም፣ እናትየዋንም ልጁንም ያሳስታል።

ለጥያቄሽ መጨረሻ፦ ጠመንጃው ካስጨነቀሽ ያን በግልጽ ንገሪው፣ መብትሽ ነው። ግን ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ውጡ። የኦክላንድ ሙዚየም ትልቅ የትግል ፖስተሮች ስብስብ አለው። በዚያን ሰሞን ምን እንደሰቀሉ ደውለሽ ጠይቂ፣ ሁልጊዜ ሁሉም አይታይም። ካልሆነም ዌስት ኦክላንድ ማንዴላ ፓርክዌይ ላይ 2021 የቆመ የኒውተን ሐውልት አለ። ነሐስ ነው፣ ከደረቱ በላይ ብቻ። ወንበርም፣ ጦርም፣ ጠመንጃም የለውም። ከፖስተሩ ጋር አስተያይቶ ምን እንደቀነሱና ለምን ይመስለው እንደሆነ ልጁን ጠይቂው፣ የሚልሽን ለእኔም ጻፊልኝ።